ባሕር ማዶ የሚማሩ ልጆቻችንና የሚደበቀው ሕመም

በሰንበቴ ለወላጆች፣ ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



አንድ ልጅ ውጭ አገር የመማር ዕድል ሲያገኝ ቤቱ በአንድ ጊዜ በሥራ ይጠመዳል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሚበደሩት ገንዘብ፣ የሚሸጠው በሬ ሁሉም ይታሰብበታል። እናት በርበሬ ታስፈጫለች፣ ሹሮ ታዘጋጃለች፣ ድርቆሽ ታደርቃለች። ልጁ ከሄደ በኋላ ምን ይበላል፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ሲታመም ለማን ይናገራል የሚለው ግን ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሲነሳ አልሰማም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

የአገራችን ወጣቶች በቻይና፣ በቱርክ፣ በሕንድ፣ በሃንጋሪ፣ በሩሲያ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በግብጽ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ይማራሉ። የዚህ አካባቢ ልጆችም ከእነሱ መካከል ናቸው። ስለ ጤናቸው ሲወራ ብዙ ሰው ብርዱንና የምግቡን ለውጥ ያነሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱም በላይ ጎጂ የምለው ሕመምን መደበቅን ነው። ይህን ልማድ ልጁ ውጭ አገር ሄዶ አይማረውም። ከዚህ፣ ከቤቱ፣ ከእኛ ተምሮት ነው የሚሄደው።

ዕውቀት ፍለጋ አገር ጥሎ መሄድ ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። የወሎ የቂርአት ቤቶች ከሩቅ የመጡ ደረሶችን ለዘመናት አስተናግደዋል። ከከሚሴ ብዙም የማትርቀው የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬ በጥንታዊ የድንጋይ ቤቶቿ ብቻ ሳይሆን በዑለማዎቿም ስሟ የተጠራ ናት። ከአገራችን ወጥተው ካይሮ የዘለቁም ነበሩ። በዚያ በሚገኘው በአል አዝሀር የትምህርት ማዕከል የእኛ አካባቢ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበት «ሪዋቅ አል ጀበርት» የተባለ ክፍል ነበራቸው። እውቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ የተወለደው ያንን ማደሪያ ሲያስተዳድር ከኖረ ቤተሰብ ነው፤ ዘመኑም ከ1753 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. ነው። በክርስቲያኑም ወገን የቆሎ ተማሪው ከደብር ደብር እየዞረ ተምሯል።

የደረሳው ኑሮ ምቹ ነበር አልልም፤ ረሃቡም፣ ቅማሉም፣ ወረርሽኙም ነበረበት። ሆኖም ደረሳ ሕመሙን የሚደብቅበት ቦታ አልነበረውም። ሲያተኩሰው አብሮት የሚያድረው ያውቃል፣ ለቂርአት ሲቀር ሸኹ ይጠይቃሉ፣ ምግብ የላከችለት የመንደር እናትም ሳህኑ ሳይነካ ሲመለስላት «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» ትላለች። ዛሬ በአንድ የቻይና ወይም የአውሮፓ ከተማ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያለ ልጅ በሩን ዘግቶ ሦስት ቀን ቢተኛ ማንም ላያንኳኳ ይችላል። እዚህ ሳለ ጤናውን ይጠብቁለት የነበሩት ሌሎች ነበሩ። የምሳ ሰዓቱን እናቱ ታውቀዋለች፤ ሲያስል ጎረቤት ይሰማል፤ ፊቱ ሲገረጣ አስተማሪው ይጠይቀዋል። እዚያ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀርበታል።

አገራችንም በዘመናዊው ትምህርት የሌሎችን ልጆች ተቀብላ አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1958 በአክራ በተካሄደው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች አዲስ አበባ መጡ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በአዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ነበሩ። በደርግ ዘመን ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት በአዳሪ ትምህርት ቤት አደጉ፤ ብዙዎቹ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነዋል። ያን ጊዜ ተማሪው በቡድን ይሄድ ነበር፤ አንድ ላይ ይበላል፣ አንድ ላይ ይመረመራል። የዛሬው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ብቻውን ነው።

ብቻውን የሄደውን ልጅ ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው ስልክ ነው፤ አሁን ወደ እሱ እንምጣ።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ተበትኖ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ስንት ቤት ውስጥ ኢሞ ይከፈታል! ልጅ ከወዲያ ማዶ ብቅ ይላል። ካሜራውን ግንባሩ ላይ ያደርገዋል፤ ፊቱ ሙሉ በሙሉ እንዲታይ አይፈልግም። እናት «ከሳህብኝ» ትላለች። «ካሜራው ነው እማ» ይላል። «በላህ?» «በላሁ።» «ብርዱስ?» «ለመድኩት።» በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ደህና ይሆናል። እናትም በበኩሏ ትደብቃለች። አባት ሦስት ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቶ «አባትህ ገጠር ወርዷል» ይባላል። አያት ሞተው ተቀብረው፣ «ፈተናውን ይጨርስ» ተብሎ መርዶው ለወራት ይቆያል። ሁለቱም ወገን ይህን የሚያደርገው ስለሚዋደድ ነው፤ ይህንን አልጠራጠርም። ውጤቱን ግን እንየው። ልጁ ከቤት የሚነገረውን ማመን ያቆማል። ባልተለመደ ሰዓት ስልክ በጠራ ቁጥር «ማን ሞተ?» እያለ ይደነግጣል። እሱም በተራው ሲታመም አይናገርም፤ ከቤት የተማረው ይህን ነውና።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ስለ መርዶ ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። መርዶ በወግ መነገሩ፣ ሰው ብቻውን ሳይሆን በወዳጅ መካከል እንዲሰማ መደረጉ ትልቅ ጥበብ ነው። ውጭ አገር ላለ ልጅም ያው ወግ ሊጠበቅለት ይገባል። አብሮት የሚማር ወገን ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ ቀድሞ እንዲያውቅ ይደረግና አጠገቡ ተቀምጦ ይንገረው። ከዚያ በላይ ማቆየቱ ግን እኛን ከማስጨነቅ በቀር ልጁን አይጠብቀውም፤ ዛሬ መርዶን ፌስቡክ ቀድሞ ያረዳል። ጥያቄያችንንም እንለውጥ። «ደህና ነህ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ መልሱን አብረን ሰጥተነዋል። «ትናንት ማታ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ? ዛሬ ከማን ጋር ዋልክ?» ብንል ግን መደበቂያ አያገኝም። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር ያልዋለ ልጅ እርዳታ የሚያስፈልገው ልጅ ነው።

ተማሪው ሕመሙን የሚደብቀው ከቤተሰቡ ብቻ አይደለም፤ ከሐኪሙም ይደብቃል። አንዳንዴ ፈርቶ ነው፤ አንዳንዴም መናገር እንዳለበት ስለማያውቅ ነው። የዚህ አካባቢ ልጅ ለሐኪም ሊነግረው የሚገባው ዋነኛ ነገር የመጣበት ምድር ነው። በዚህ ላይ ረዘም ላድርግ።

ሰንበቴና ከሚሴ ቆላማ ናቸው፤ ወባ አለብን። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መያዛቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የብዙዎቹ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት የሚጀመረውም በዚያው በመስከረም ነው። ልጃችን በነሐሴ መጨረሻ ዘመድ ሲሰናበት አምሽቶ ትንኝ ትነድፈዋለች፤ ከዚያ ይበራል። ፋልሲፓረም የተባለው ወባ አብዛኛውን ጊዜ ከተነደፉ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ይነሳል፤ ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ራስ ምታቱ ልጁን የሚይዙት ወባ በሌለበት ከተማ፣ ወባ የሚባለውን በሽታ በመጽሐፍ ብቻ በሚያውቅ ሐኪም ፊት ነው። ወቅቱ የጉንፋን ነው፤ ሐኪሙም «ጉንፋን ነው፣ ዕረፍ» ብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ይሸኘዋል። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከቆየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አንጎልና ወደ ኩላሊት ሊሄድ ይችላል። እዚህ አንድ የጤና ኬላ ሠራተኛ በጣት ደም በሩብ ሰዓት የምታውቀውን በሽታ እዚያ ትልቅ ሆስፒታል ሊስተው ይችላል፤ የሚስተውም ስላልተነገረው ነው።

ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ፣ ቋንቋውን ገና ባይችልም እንኳ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በሚሄድበት አገር ቋንቋ አስጽፎ በቦርሳው ይያዝ፤ «የመጣሁት ወባ ካለበት አካባቢ ነው፤ እባክዎ ደሜን ለወባ ይመርምሩልኝ» የሚል። ይህችን ወረቀት ከሄደበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አንድ ዓመት አይጣላት። ከመሄዱ በፊት ባለው ክረምት ቫይቫክስ ይዞት የታከመ ከሆነ ደግሞ ጉበት ውስጥ የሚቀረውን ተውሳክ የሚያጠፋውን ፕሪማኩዊን ወስዶ እንደሆነ የታከመበትን ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። መድኃኒቱ የደም ሁኔታ ታይቶ በሐኪም የሚታዘዝ ስለሆነ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አይዋጥ።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ከሚሴና አካባቢዋ፣ የቦርከና ወንዝ ውኃ የሚደርስበት ሁሉ፣ በቢልሃርዝያ ጥናቶች ውስጥ ስማቸው በተደጋጋሚ ይነሳል። በልጅነቱ ወንዝ ውስጥ የዋኘ፣ ከብት ያጠጣ፣ በመስኖ ቦይ ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመ ልጅ ትሉን በሰውነቱ ይዞ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ምልክቱ አንዳንዴ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣ ደም፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካም ነው፤ ችላ ከተባለ ጉበት ይጎዳል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ ተውጦ ይጨርሰዋል። እዚህ ቀላል የሆነው ሕክምና ባሕር ማዶ ከወራት ምርመራ በኋላ ሊገኝ ይችላል፤ ሐኪሙ ቦርከናን አያውቀውምና።

ስለ ቢልሃርዝያ ከተነሳ አንድ ሰው ሳይጠቀስ ማለፍ አይቻልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ራሳቸው በአሜሪካ የተማሩ የውጭ ተማሪ ነበሩ። ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል ውኃው ላይ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በስማቸው ይጠራል። እኚህ ሰው ባሕር ማዶ የተማሩትን ይዘው የመጡት የገዛ ወንዛቸውን በሽታ ለማየት ነበር። ለልጆቻችን ሊነገር የሚገባ ታሪክ ነው።

ስለ ሳንባ ነቀርሳ በአጭሩ። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ብዙ ሰው ተሕዋሱን ሳያውቀው ተሸክሞ ይኖራል፤ የሚታመመው ሰውነቱ ሲዳከም፣ ምግብ ሲጎድል፣ ጭንቀት ሲበዛ ነው። የመጀመሪያዎቹ የባሕር ማዶ ዓመታት ደግሞ ይህ ሁሉ የሚገጥምባቸው ናቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት ተማሪ ወዲያውኑ ይመርመር። እንግሊዝ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ከአገራችን ለሚሄድ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከቪዛ በፊት ትጠይቃለች፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ቢታመም ግን ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን። «ከተናገርኩ ያባርሩኛል» እያለ በየክፍሉ የሚያስለው ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ከስንት ቀን በፊት በዳነ ነበር።

እርግጥ ሁሉም አገር እንደ እንግሊዝ አይደለም፤ ተማሪው እንደደረሰ የሚመረምሩ፣ በውጤቱም ላይ ጥብቅ ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ። መፍትሔው ከመሄድ በፊት እዚሁ መመርመር ነው። በተለይ የጉበት ቫይረስን፣ ማለትም ሄፓታይተስ ቢን፣ አትርሱ። ክትባቱ በአገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ወንድሞችና እህቶች አብዛኞቹ አልተከተቡም። ቫይረሱ ያለበት ሰው አብሮ በመብላትና በአንድ ክፍል በማደር አያስተላልፍም፤ ምላጭና ጥርስ ብሩሽ ግን መጋራት የለበትም። ቫይረሱ ከሌለ ደግሞ ክትባቱን ጀምሮ መሄድ ነው።

የክትባት ካርድ ነገርም አለ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኩፍኝንና የማጅራት ገትርን ክትባት ማስረጃ ሳያዩ ተማሪውን አይመዘግቡም። እናቶች ያንን የልጅነት ካርድ ከመሬት ካርታው ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።

ሕመም የሚደበቅበት ሌላው ምክንያት ወሬ ነው። ተማሪው ቋንቋው ስለሚያስቸግረው ሐኪም ቤት ሲሄድ የአገሩን ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ ይወስዳል። ከዚያ የነገረው ሁሉ በማግስቱ በሐበሻው መካከል ይዞራል ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር አለባቸው። የወር አበባ መዛባትን፣ የጡት እብጠትን ወይም የማሕፀን ሕመምን በወንድ አስተርጓሚ በኩል ለወንድ ሐኪም ከመንገር መታመምን የሚመርጡ አሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሚስጥር ጠባቂ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ በስልክም ይሆናል። «ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ» ማለትም ነውር የለበትም፤ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ሴት ልጆቻችን ይህንን ከእኛ አፍ ሰምተው ይሂዱ።

ገንዘብም አለ። ከቤት የተላከውን ብር ለሐኪም ማውጣት ኃጢአት የሚመስለው ልጅ አለ። ነገር ግን በብዙ አገር የጤና መድን የተማሪው ግዴታ ስለሆነ የተከፈለበት ነው። እንግሊዝ ለምሳሌ ከተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ ከቪዛው ጋር ትወስዳለች፤ የከፈለ ሰው ሐኪም አለማየቱ ገንዘቡን ማቃጠል ነው። ተማሪው በደረሰበት ሳምንት ሳይታመም ክሊኒኩ የት እንደሆነ ሄዶ ያረጋግጥ፣ ይመዝገብ። የአምቡላንስ ቁጥሩንም ስልኩ ላይ ይጻፍ፤ በቻይና 120፣ በአውሮፓና በቱርክ 112፣ በአሜሪካ 911 ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮው። የቆላ ልጅ በማሽላ እንጀራ፣ በሹሮ፣ በወተት ነው ያደገው። እዚያ ሲደርስ ያለው ኢንዶሚ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ይሆናል፤ ርካሽና ፈጣን ናቸውና። አንዱ እሽግ ኢንዶሚ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ከፈቀደው 5 ግራም ጨው ግማሹን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይዟል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ጎመንና ድንች የሌለበት አገር የለም። ወንዶች ልጆቻችን ወጥ መሥራት ሳይችሉ የሚሄዱት ግን በእኛ ጥፋት ነው። አንድ ወንድ ልጅ ከመሄዱ በፊት ባሉት ሁለት ወራት ከእናቱ ጎን ቆሞ ምስር ወጥ፣ ሹሮና ገንፎ መሥራት ይማር። ነውር ነው የሚል ካለ ልጁን በጨጓራ ሕመም የሚያስተምረው እሱ ነው።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልበል። በታኅሣሥ ሞስኮ ላይ ቀኑ ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም ደካማ ናት። የእኛ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። የአጥንት ሕመም፣ የጡንቻ ድካም፣ የስሜት መውደቅ የሚሰማው ተማሪ ምርመራ ይጠይቅ፤ የሚዋጠው ኪኒን ርካሽ ነው። ረመዷን በበጋቸው ሲውል ደግሞ በሰሜኑ አገር ጾሙ ከ17 ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። በአሁኑ ዓመታት በክረምታቸው ስለሚውል ቀሏል፤ ነገር ግን ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሄደ ተመልሶ ወደ ረጅሙ ቀን ይገባል። ስኳር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ኩላሊት ያለበት ተማሪ ከሐኪሙም ከዓሊሙም ጋር አስቀድሞ ይምከር፤ ዲናችን ለታመመ ሰው ያዘነለት ነውና።

ጫትን ሳላነሳ ብወርድ የእናንተን ጊዜ በከንቱ ወሰድኩ ማለት ነው። ጫት እዚህ ለብዙ ቤተሰብ የደብተርና የዩኒፎርም መግዣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገበሬውን አልወቅስም። የምናገረው ጥናትን ከምርቃና ጋር አስተሳስሮ ስላደገው ተማሪ ነው። ትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ተማሪው ሌሊቱን ነቅቶ ያነባል፤ ያነበበው ግን አእምሮው ውስጥ የሚሰፍረው ሲተኛ ነው። ውጭ አገር ሲሄድ ጫቱ በአንድ ቀን ይቋረጣል። ዱካኩ ይነሳበታል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይከፋዋል፣ ማተኮር ያቅተዋል። ያ የሚሆነው ልክ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ሳምንታት ነው፤ እሱም «ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ወይም በሲጋራ፣ በሺሻና ኃይል ይሰጣሉ በሚባሉ መጠጦች ይተካዋል። ስለዚህ መተው ያለበት እዚህ ሳለ፣ ቢያንስ ከመሄዱ ሦስት ወር በፊት ነው። ሌላም አለ። ጫት በእንግሊዝም፣ በቻይናም፣ በአሜሪካም የተከለከለ ነው፤ እንግሊዝና ቻይና የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። «ይህችን ለወንድሜ አድርስልኝ» ተብሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ የደረቀ ጫት ልጁን ከክፍል ወደ እስር ቤት ይወስደዋል። እባካችሁ አደራ ብላችሁ አታስይዙ።

የመጨረሻውና የከበደኝ የመንፈስ ሕመም ነው። ሰውነቱ የታመመ ልጅ ቢደብቅም ትኩሳቱ ይናገርበታል። የመንፈስ ድብርት ግን ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። አካባቢው ያጨበጨበለት፣ «የእኛ ጎበዝ» ተብሎ የተሸኘ ልጅ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲወድቅ ለማን ይናገራል? መመለሱን እንደ ውርደት የሚቆጥር ቤተሰብ ያለው ልጅ መውጫ በር የለውም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የስሜት መውደቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ከሰው መራቅ፣ ምግብ መጥላት፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ የሕመም ምልክቶች ናቸው። ዱዓም፣ ሩቅያም፣ ጸበልም ልብን ያሳርፋሉ፤ ከሐኪም ጋር አይጣሉም። በብዙ ቦታ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሚስጥር ይጠብቃል፤ ለትምህርት ክፍሉም አይናገርም። ከዚህ ደግሞ ቤተሰብ አንድ ቃል ይስጠው፤ «ብትመለስም ቤትህ ቤትህ ነው» የሚል። ይህ ቃል በጉዞው ዋዜማ፣ አባት ባለበት፣ በግልጽ ይነገረው። በኋላ በስልክ የሚነገር ከሆነ ልጁ አያምነውም።

ጤና ጣቢያዎቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ሲመጣ አንድ ገጽ ጻፉለት። ክትባቱን፣ የደም ዓይነቱን፣ የወሰዳቸውን የወባና የቢልሃርዝያ መድኃኒቶች፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ በቤተሰቡ ያለውን የስኳርና የደም ግፊት ታሪክ በእንግሊዝኛ አስፍሩና ማኅተም አድርጉበት። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መምህራን ደግሞ ከዚህ ቀደም ወደ ውጭ የሄዱ ተማሪዎችን ስልክ ከአዲሶቹ ጋር አገናኙ።

ተማሪው ለዕረፍት ሲመለስም ጉዳዩ አያበቃም። ወባ በሌለበት አገር ሁለት ሦስት ዓመት የቆየ ሰው በልጅነቱ ያዳበረውን የመቋቋም ኃይል ሊያጣ ይችላል። «የአገሬ ትንኝ ምን ታደርገኛለች?» ብሎ ደጅ ያመሸ ልጅ ከወንድሞቹ በባሰ ሁኔታ ሊታመም ይችላል። ከተመለሰበት የመጀመሪያ ሌሊት ጀምሮ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ አጎበሩ ቀዳዳ እንዳይኖረው እናቱ ታየው። በሚማርበት አገር ያለ ሐኪም ለጉዞ የሚወሰደውን የወባ መከላከያ ኪኒን ያዝዝለት ዘንድ ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ። ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ከያዘው ደግሞ ያቺ በቦርሳው የያዛት ወረቀት እንደገና ታገልግለው።